ዶክተሩን ያሳመምሁ ለታ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ጤነኛ ሰው በአፋችሁ ብቻ አሳምማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አሳምሜ አውቃለሁ። መርዝ አላጠጣሁትም፣ ድግምት አላስደገምሁበትም፣ ዓይኔም ቡዳ አይደለም። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ማራገቢያ እየዞረልኝ፣ የሰው ሻይ እየጠጣሁ ነው ያሳመምሁት። በሽተኛው በዚያች ሰዓት የግማሽ ቀን የሎሪ መንገድ ርቆ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ሕፃን ይመዝን ነበር።

ዘመኑ ያ ክፉው ዘመን ነው፤ ሰማዩ ዝናቡን ነፍጎ አገሩ ሁሉ እየተነሣ ወደ ሱዳን የወረደበት። እኔን ግን ያመጣኝ ራብ አይደለም። ከመተማ በገላባት ተሻግሬ ለሰሊጥ ዐጨዳ መጣሁ፤ «ይህቺ ሰሊጥ ስታልቅ አገሬ እገባለሁ» እያልሁ ሰባት ሰሊጥ አለቀብኝ። በሰባት ዓመት ያተረፍሁት ነገር ቢኖር ዐረብኛ ነው። ስደተኛው ሲጎርፍ ካምፑ ውስጥ የተተከለው ክሊኒክ አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን የጠራኝ የለም፤ ሐኪሙም፣ በሽተኛውም፣ የውኃ ቦቴው ሾፌርም «ቱርጁማን» ነው የሚሉኝ።

ሐኪሙ ዶክተር ሐሺም ይባላል። «ይባላል» ማለቴ ንቀት እንዳይመስላችሁ። የሱዳን ዐረብኛ አንቱታ አያውቅም፤ ዳኛውም ለማኙም «አንተ» ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አፌ እንቢ ብሎኝ «እናንተ» እያልሁ ስጠራው፣ ሌላ ሰው ከኋላው የቆመ እየመሰለው ይዞር ነበር። ተውሁት። አሁን በአማርኛ ሳወራውም ምላሴ ወደ አንቱ አልመለስም ብላኛለች፤ ይቅር በሉኝ።

ዶክተር ሐሺም የወድ መደኒ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዋሽቶ የማያውቅ። ዋሽቶ ከማያውቅ ሰው ጋር መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም የሠራ ያውቀዋል። መርፌ ሊወጋ ሲል ሕፃኑን «አያምህም» አይለውም፤ «ያምሃል፣ ግን ቶሎ ያልፋል» ነው የሚለው። ስተረጉም «አያምህም» የምለው እኔ ነኝ። እንዲህ እየተረዳዳን እንሠራ ነበር።

ይህ ሰው ያልፈጸመው አንድ ቃል ነበረው። ሚስቱን ሲት አሚናን («ሲት» ወይዘሮ እንደማለት ነው) ሲያገባት፣ ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ እስከ ግብፁ የስዊዝ ወደብ በሚሄድ መርከብ ሊያንሸራሽራት ቃል ገብቶላታል። አንድ ጊዜ ወባ አስቀረው። ሁለተኛ ጊዜ መድኃኒት የጫነ ሎሪ መንገድ ላይ ጠፍቶ አስቀረው። ሦስተኛውን ቲኬት ሲቆርጥ ሲት አሚና «ይህ መርከብ ካመለጠህ ሌላ መርከብ አትፈልግ፤ ሌላ ሚስት ፈልግ» ብላ ጻፈችለት። ደብዳቤውን ያነበበልኝ ራሱ ነው፤ ዋሽቶ አያውቅም አላልኋችሁም? ስለዚህ ፈራና ለጉዞው ተእሚን ገዛለት፤ ኢንሹራንስ ማለት ነው። መንገዱ ቢሰናከል ቲኬቱ ሳይቃጠል ቀኑ ብቻ እንዲዛወር።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ትልቁ ውኃ ክረምት ላይ የሚሞላው የጓንግ ወንዝ ነው፤ ጓንግን ደግሞ ሰው ሊሸሸው እንጂ ሊንሸራሸርበት አይቀርበውም። ሰባት ቀን ሙሉ ውኃ ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አልገባ ቢለኝ፣ «ስዊዝ ስትደርሱ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። 

«እንመለሳለን» አለኝ። የባሰውን አልገባኝም።

የመርከቡ ቀን ሲቃረብ ካምፑ ውስጥ ኩፍኝ ገባ። ይህን በቀልድ አላወራውም። ማለዳ ማለዳ ከካምፑ ጀርባ የሚቆፍሩ ሰዎች ነበሩ፤ የሚቆፍሩትም ጉድጓድ አጭር አጭር ነበር። ዶክተሩ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚያርፍ አላውቅም። አንድ ጧት ቲኬቱንና የተእሚኑን ወረቀት በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ።

«ገዳሪፍ ሂድና ቀኑን አዛውርልኝ» አለኝ። «ተእሚን አለኝ፣ ችግር የለም። ለአሚና ቀኑ ከተዛወረ በኋላ እኔው እነግራታለሁ።»

ቲኬትና ተእሚን የሚሸጠው ቢሮ ገበያው መሐል ነው፤ ከአንድ የቅመም ሱቅ ፎቅ ላይ። ጸሐፊው ኡስታዝ ባቢክር ይባላል፤ እዚያ «ኡስታዝ» የሚባለው የተማረ ሰው ሁሉ ነው፤ ወፍራም፣ ትሑት፣ ወረቀት ሲይዝ እንደ አራስ ልጅ የሚጠነቀቅ ሰው። ሻይ አስመጣልኝ። ወረቀቱን ዘረጋ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ቀን የሚዛወረው በሦስት ምክንያት ነው» አለ። «መንገደኛው ከታመመ፣ የቅርብ ዘመድ ከሞተ፣ ወይም መርከቡ ከተበላሸ። የትኛው ነው?»

«ሰው ታሟል» አልሁ።

«ማን?»

«ሕዝቡ። ኩፍኝ ገብቷል።»

«አላህ ይማራቸው!» እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከልቡ አዘነ። አዝኖ ሲጨርስ «ግን ሕዝቡ ውሉን አልፈረመም» አለ።

«ዶክተሩ ትቷቸው ቢሄድ እኮ ያልቃሉ!»

«ስማኝ ቱርጁማን፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። እናቴን ያዳናት እሱ ነው። ግን እኔ የዚህ ወረቀት አፍ ነኝ፤ ወረቀቱ ደግሞ ከሦስት ነገር ሌላ አይናገርም።»

እዚህ ላይ ሻዬን ጨርሼ ብመለስ ኖሮ የማወራችሁ ነገር አይኖርም ነበር። ነገር ግን ወራት ሙሉ «ያምሃል»ን «አያምህም» እያለ የኖረ ምላስ ልጓም አይቀበልም።

«እሱም ታሟል» አልሁ።

ብርጭቆው ኡስታዝ ባቢክር ከንፈር ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። «ምን ሆነ?»

የበሽታ ስም በሁለት ቋንቋ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ጉንፋን ብል መርከብ አያስቀርም። ኮሌራ ብል ገበያው ይዘጋል። መካከለኛ በሽታ ስፈልግ አፌ ላይ ቀድሞ የደረሰው የወፍ በሽታ ሆነ። «ዓይኑ ቢጫ ሆኗል» አልሁ። ሰው ሲያምነኝ የመጨመር አመል አለብኝና «እህልም አይቀምስ» ብዬ ጨመርሁ።

«ከፋራ! ከፋራ!» እያለ ተነሣ። ሱዳኖች ለታመመ ሰው የሚሉት ነው፤ ሕመሙ ለኃጢአት ማስተስረያ ይሁንልህ እንደማለት። ከመሳቢያው አንድ ፎርም አውጥቶ ሰጠኝ። «ይህን ሐኪም ይሙላው፣ ይፈርምበት። እኔም ልጠይቀው እመጣለሁ፤ ማኅተሙን እዚያው አደርግለታለሁ። ቀኑ ተዛወረ በለው።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ብልኅነቴን እያደነቅሁ ሎሪ ላይ ተሰቀልሁ፣ ከተማውንም ለቀቅን። ከዚያ ነው ያሰብሁት። ካምፑ ውስጥ ያለው ሐኪም አንድ ነው። እሱም በሽተኛው ነው።

እግዜር ተረጋግቼ እንዳስብበት ይመስል የሎሪውን ጎማ አፈነዳው። ሌላ ጎማ ከገዳሪፍ እስኪመጣ አንዲት ግራር ሥር ስጠብቅ ማግሥቱ ቀትር ሆነ። ወሬ ግን ጎማ የለውም። ኡስታዝ ባቢክር ከአዘኔታው ብዛት ለሾፌሮች ነግሯል፤ ሾፌሮች መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ ነግረዋል። እኔ ተቀምጬ ሳለሁ ውሸቴ በላዬ ላይ አልፎ ሄደ።

ካምፑ ስደርስ ሰዉ ክሊኒኩን ከቦ ጸጥ ብሎ ቆሟል። እውነት የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ። ቄሱ ጠበል ይዘዋል፤ ሼሁ ቁርኣናቸውን ይዘዋል። በር ላይ ተገናኝተው «ይቅደሙ»፣ «የለም እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ሁለቱም ውጭ ቀርተዋል። ሰዉ ደግሞ ባዶ እጁን አልመጣም። አንዱ ከራሽኑ ዕፍኝ ስኳር በጨርቅ ቋጥሯል። አንዷ ሎሚ ይዛለች። አንድ ሽማግሌ ከየት እንዳመጡት የማይታወቅ እንቁላል በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል። ያ ሕዝብ የሚሰጠው አልነበረውም። ያንኑ የሌለውን ይዞ መጣ። በዚያች ቅጽበት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ቅር አይለኝም ነበር፤ ግን የገዳሪፍ መሬት በበጋ ስንጥቅጥቅ ይላል እንጂ ሰው አይውጥም፤ እግሬን ብቻ ነው የያዘኝ።

ገባሁ። ዶክተሩ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ መቀመጡ ወዶ አይደለም፤ ሦስት ወንዶች ትከሻውን ይዘውታል። ፊት ለፊቱ እማማ ብርቄ ቆመዋል። እማማ ብርቄ ከበለሳ የልጅ ልጃቸውን አዝለው በእግራቸው የመጡ ሴት ናቸው። ልጅቱን ኩፍኝ ሲይዛት ዶክተሩ አዳነላቸው፤ ከዚያ ወዲህ እሱን እንደ ንብረታቸው ነው የሚያዩት። በጨርቅ የያዙት ብረት ጫፉ ቀልቷል። የወፍ በሽታ በአገራቸው ክንድን በጋለ ብረት ነካ ሲያደርጉት ይለቃል።

«ደህና ነኝ! ስንት ጊዜ ልንገራችሁ፣ ደህና ነኝ!» ይላል ዶክተሩ በዐረብኛ።

«ምን አለ?» አሉኝ እማማ ብርቄ።

«ደህና ነኝ ይላል።»

«እሜቴ ድንግል! ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበታል» አሉ። «ዓይኑን እየው እስቲ፣ ልጄ።»

አየሁት። ዓይኑ ቢጫ ነው! ውሸቴ ደርሶበት እውነት የታመመ መሰለኝ። ቆይቼ ነው ያስተዋልሁት፤ የክሊኒካችን ሸራ ቢጫ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ከሥሩ ያለው ሁሉ ቢጫ ይሆናል፤ ፋሻውም፣ ሚዛኑም፣ እማማ ብርቄም። ያን ቀን ሁሉም የዶክተሩን ዓይን አየ እንጂ የጎረቤቱን ያየ የለም።

«ወደ ውጭ አውጡኝና በብርሃን እዩኝ!» አለ ዶክተሩ። ተረጎምሁ።

«ፀሐይማ ለዚህ በሽታ ጠንቁ ነው። አጥብቃችሁ ያዙት» አሉ እማማ ብርቄ።

ብረቱ ተጠጋ። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ቱርጁማን! ይህን ወሬ ያመጣው ማነው?»

በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዐረብኛ ጠፋኝ።

ያዳነን የመኪና ጥሩምባ ነው። አንዲት ቦክሲ፣ ያቺ ከኋላዋ ሰው የምትጭን ትንሽ መኪና፣ በር ላይ ቆመች። ኡስታዝ ባቢክር ሐብሐብ ታቅፎ ወረደ። ቀጥላ አንዲት ሴት ወረደች፤ የለበሰችው ቶብ አቧራ ጠጥቷል፣ በእጇ ትልቅ ሻንጣ ይዛለች። ሲት አሚና ነበረች። የተእሚኑ ወረቀት ላይ «ችግር ሲደርስ የሚነገረው ሰው» የሚል መስመር ኖሯል። ለወረቀት ታማኙ ኡስታዝ ባቢክርም እኔ ከቢሮው እንደወጣሁ ስልክ ደውሎላት፣ ለመርከቡ ያዘጋጀችውን ሻንጣ አንሥታ ከወድ መደኒ በአውቶቡስ ገሥግሣ መጥታለች።

ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ባሏን ሦስት ሰው ይዞታል፤ አንዲት አሮጊት የጋለ ብረት አንሥተውበታል።

«አለህ?» አለችው።

«አለሁ።»

«ታመሃል?»

«አልታመምሁም።»

እሱ ዋሽቶ እንደማያውቅ ከሁላችንም ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። ቀስ ብላ ወደ ኡስታዝ ባቢክር ዞረች። ኡስታዝ ባቢክር ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ዐረብኛ የማይሰማው ሁሉ ሳይቀር እኔን ተመለከተ። ተናዘዝሁ። በዐረብኛ ተናዘዝሁ፣ በአማርኛ ደገምሁት። የራሴን ውርደት ራሴው አስተረጎምሁ።

እማማ ብርቄ ብረቱን አስቀመጡና «አንተ ልጅ፣ ምላስህን ነበር መተኮስ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

የኡስታዝ ባቢክር ግን ባሰኝ። አልተቆጣም፤ ቅር አለው። ሐብሐቡን መሬት አኖረና ቦርሳውን ዘጋ። «በውሸት የቀረበ ጥያቄ ውሉን ያፈርሰዋል» አለ። «ይህም ተጽፏል።»

ቲኬቱ ተቃጠለ ማለት ነው። የዚያን ደብዳቤ ቃል አስታወስሁና የሰው ትዳር በምላሴ ሲፈርስ ታየኝ።

ሲት አሚና ባሏን አተኩራ ስታየው ቆየች። «ለምንድነው በአንድ ጉንጭህ የምታወራ?» አለችው።

«ምንም…» ብሎ ጀመረና ውሸት ሊሆንበት ሲል አቋረጠው።

«ቅርንፉድ ትሸታለህ።»

እኔም ስንት ጊዜ ሸትቶኛል፤ ሽቶ የሚቀባ ነበር የሚመስለኝ። እጁን ይዛ ወደ ፀሐዩ አወጣችው፤ አሁን የከለከላት የለም። «ክፈት» አለችው። ሲት አሚና የጥርስ ሐኪም ናት፤ እኔም ያን ለታ ነው የሰማሁት። ከፈተ። ኡስታዝ ባቢክርም፣ እማማ ብርቄም፣ እኔም አንገታችንን አስግገን አየን። ከኋላ አንድ መንጋጋ ጠቁሮ፣ ድዱ አብጦ ተቀምጧል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኩፍኙ ከመግባቱ በፊት።»

«በዚህ ጥርስ ነው መርከብ የምትሳፈር? ሁለተኛው ቀን ላይ ባሕር ውስጥ ትዘል ነበር!»

ኡስታዝ ባቢክር ጆሮው ቆመ። ቦርሳውን መልሶ ከፈተ፤ ወረቀቱን ዘረጋና በጣቱ ተከተለ። «‹መንገደኛው ከታመመ› ነው የሚለው» አለ ለራሱ። «የትኛው ብልቱ አይልም።» ወደ ሲት አሚና ቀና አለ። «ይህ ሕመም ነው?»

«ሕመም ነው።»

«አንቺስ ሐኪም ነሽ?»

«ነኝ።»

ትንሽ አሰበ። «ቱርጁማኑ ‹ታሟል› አለኝ፤ ሰውየውም ታሟል። የተሳሳተው የበሽታውን ስም ነው። የበሽታ ስም ማወቅ ደግሞ የሐኪም እንጂ የአስተርጓሚ ሥራ አይደለም።» ፎርሙን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ላብ አርሶታል። በሽተኛው ፈረመ፤ ሐኪሟ ፈረመች። ኡስታዝ ባቢክር ወረቀቱን ሐብሐቡ ላይ አስደግፎ ማኅተሙን መታው። ቀኑ ከክረምቱ በኋላ ላለው መርከብ ተዛወረ።

ዶክተሩ ሚስቱን በስርቆሽ አያት። «ሌላ ሚስት ልፈልግ ወይ?» አላት።

«በዚህ አፍህ ማን ትወስድሃለች?» አለችና ጉጠት እንዲያመጡላት አዘዘች።

ጥርሱ የተነቀለው እዚያው፣ ለክትባት የተሰለፈው ሕፃን ሁሉ እያየ ነው። እማማ ብርቄ ጭንቅላቱን ያዙ። እኔ እግሩን ያዝሁ። ከመጀመሯ በፊት ዶክተሩ ወደ እኔ ቁልቁል አየና «በጣም ያማል?» አለኝ።

«አያምህም» አልሁት።

የጮኸው ጩኸት የውኃ ቦቴው ድረስ ተሰማ። ሕፃናቱ ደንግጠው ጸጥ አሉ። ስንቱን ሲወጋ የከረመው ሰው እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ አዩ። መጀመሪያ አንዷ ፍርፍር አለች፤ ከዚያ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ካምፑ ከተተከለ ጀምሮ የልጅ ለቅሶ ለምደን፣ የልጅ ሳቅ ምን እንደሚመስል ረስተነው ነበር። እናቶች እንኳ ዞረው አዩ፣ ምን መጣ ብለው።

ሲት አሚና ለመርከቡ የወሰደችው የዕረፍት ፈቃድ ነበራትና ቆየች። ማግሥቱን ጉንጩን የያዘ ሰው ሁሉ ተሰለፈ፤ ሰው ጥርሱ እንደታመመ የሚያውቀው ሐኪም ሲያገኝ ነው መሰለኝ። ቅጣቴ ጭንቅላት መያዝ ሆነ። ስንቱ ነከሰኝ! ስለዚያ መርከብ ያልገባኝን ነገር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ዶክተሩና ሚስቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ፣ እሱ ሲመዝን እሷ ስትነቅል፣ አንዳንዴ ቀና ይሉና ሳይነጋገሩ ይተያያሉ። ከወድ መደኒና ከካምፑ ሲጻጻፉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ፈቃዷ አልቆ ሄደች፤ እንደገና አስፈቅዳ ተመለሰች። ከአማርኛ የለመደችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ክፈት»። ለወንዱም፣ ለሴቷም፣ ለቄሱም «ክፈት» ነው። የሴቷ «ክፈቺ» ነው፣ የትልቅ ሰው «ይክፈቱ» ነው ብዬ ላስተምራት ሞከርሁ፤ «ጥርሱ አንድ ነው» ብላ ተወችው።

ኩፍኙ እየተወ ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከምሥራቅ ጠቆረና ዘነበ። የገዳሪፍ ጥቁር መሬት ጭቃ ሲሆን ታውቃላችሁ፤ ጫማ ያስቀራል። ወንዶቹ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ጭቃውን በጣታቸው እየፈተጉ ስለ ዘር ማውራት ጀመሩ። በሳምንቱ ወደ አገራቸው ገብተው ሊያርሱ የሚመዘገቡት ከክሊኒኩ ሰልፍ በለጡ።

መርከቡን ካላችሁ፣ በተዛወረው ቀን ሄዱ። ዶክተሩ የተሳፈረ ለታ አልጋ ላይ ጋደም አለና ስዊዝ እስኪደርሱ አልነቃም። ሲት አሚና ባሕሩን ብቻዋን እንዳየችው፣ ደስ እንዳላትም ነግራኛለች።

ከዚያ በፊት ግን እማማ ብርቄ የሄዱበት ጧት አለ። ሎሪው ወደ ገላባት ሊነሣ ሞተሩ ይንጎራጎራል። የልጅ ልጃቸውን እቅፋቸው ውስጥ አድርገው ከላይ ተቀምጠዋል። ዶክተሩንና ሚስቱን ከሥር ሲያዩ መመረቅ ጀመሩ፤ ረጅም ምርቃት፣ የበለሳ ምርቃት፣ ውኃ ስትጠሩ ወተት ይሁንላችሁ፣ እህል ስትዘሩ ልጅ ይብቀልላችሁ የሚል።

«ምን አለች?» አለኝ ዶክተሩ።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ አልቻልሁም። «ደህና ሁኑ አሉ» አልሁ።

ሲት አሚና መልስ ልትሰጥ ፈለገች። እኔን ብታየኝ አልረዳኋትም። ሎሪው መንቀሳቀስ ሲጀምር ሁለት እርምጃ ተከተለች፤ ቶቧ ጭቃ እየጎተተ፣ ያላትን አማርኛ ሁሉ ሰብስባ፣ እናት ልጇን በምትጠራበት ድምፅ፣ «ክፈት!» አለቻቸው።

እማማ ብርቄ ከፈቱ። የቀሩላቸውን ሦስት ጥርሶች ለፀሐይ ሰጥተው ሳቁ፤ ሎሪው ላይ ያለው ሁሉ ተከትሏቸው ሳቀ፤ ሎሪው ከመታጠፊያው ማዶ እስኪሰወር ድረስ አፋቸውን አልገጠሙም።